ዕቃው ሳይጠፋ ሰው ጠፋ

በዚህ ሳምንት የመረጥንላችሁ ደብዳቤ እንደ ወትሮው የባልና ሚስት ጣጣ ወይም የፍቅር ጉዳይ አይደለም። ላይ ላዩን ሲያዩት ስለ ክርና መርፌ፣ ስለ ቁርጥራጭ ጨርቅ የሚያወራ ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ሌላ ነገር ይዟል። የጻፉልን ቤታቸው ውስጥ ልብስ እየሰፉ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናት ናቸው። ስማቸውንና ሰፈራቸውን እንዳናወጣ አደራ ስላሉን ትተነዋል። ደብዳቤውን ትንሽ አሳጥረን እነሆ ብለናል።

ደብዳቤው

«ለዓምዱ አዘጋጅ፦ ጤና ይስጥልኝ። የ46 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ስሆን ላለፉት 20 ዓመታት ኑሮዬን የምደጉመው በልብስ ስፌት ነው። ሱቅ የለኝም። የምሠራው እዚሁ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ነው። ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍዬ ግማሹ የእንግዳ፣ ግማሹ የኔ ሆኗል። የኔ ባልኩት ግማሽ ውስጥ በእግር የምትረገጥ አሮጌ ሲንጀር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ በየፌስታሉ የታሰረ የደንበኛ ጨርቅ፣ በየጣሳው የተሞላ ቁልፍና ዚፕ፣ ሁለት ማዳበሪያ ቁርጥራጭ አለ። የተረፈው አልጋ ስር፣ ቁምሳጥን ላይና በረንዳ ላይ ነው። ሰው ሲያየው ቆሻሻ ይመስለዋል። እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜ የፈለግኩትን አገኝ ነበር። ነበር ነው የምለው።

አሁን አሁን መቀሱ ከእጄ ወርዶ የት እንደገባ አላውቅም። ሜትሩ አንገቴ ላይ ሆኖ ስፈልገው እውላለሁ። ጥቁር ክር አጣሁ ብዬ ገዝቼ ስመለስ አራት ጥቁር ክር ይገኛል። ይሄ እንኳ ቀላሉ ነው።

የካቲት ወር ውስጥ አንዲት ደንበኛዬ ልጇን ስትድር ለመልስ የሚለበስ ቀሚስ እንድሰፋላት አዲሱን ሸማ ይዛ መጣች። ከሱ ጋር ደግሞ አንድ የቆየ ጥለት አመጣችልኝ። ከሟች እናቷ ቀሚስ ላይ የተፈታ ነው። «ይሄንን ደረቱ ላይ አድርጊልኝ፣ እናቴ ሠርጉ ላይ ያለች እንዲመስለኝ» አለችኝ። እኔም አደራው ከበደኝ። መጀመሪያ የመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ አድርጌው ነበር። በኋላ ልጆቹ ይነካኩብኛል ብዬ አነሳሁት። ማንም የማይደርስበት ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ማስቀመጤን አስታውሳለሁ። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ማታ ነው። የት እንዳስቀመጥኩት ግን በነጋታው ከጭንቅላቴ ጠፋ።

ሦስት ቀን ቤቱን ገለበጥኩት። ማዳበሪያውን ዘረገፍኩ፣ አልጋውን አነሳሁ። የለም። ስለት ሁሉ ተሳልኩ። የለም። ሠርጉ ደረሰ። ከሽሮ ሜዳ ሌላ ጥለት በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ሰፋሁላት፤ ደንበኛዬ ግን ቀሚሱን ስትቀበለኝ አንድ ቃል አልተናገረችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ቤት አንድ ዓመት ከአራት ወር የሠራች ልጅ ነበረች። ከገጠር የመጣች፣ ሥራ የማይሰለቻት ልጅ ናት። ጥለቱ የመጣ ዕለት ዳሰስ አድርጋው «እትዬ፣ ይሄ ነገር ሲያምር! ለእናቴ ባገኝላት» ብላ ነበር። ዕቃው ሲጠፋ ይቺ ቃሏ ትዝ አለችኝ። ሻንጣዋን አውጥቼ ጎረቤት ፊት በረበርኩት። ምንም አልተገኘም። ሸጠሽዋል አልኳት። አለቀሰች፣ ማለች፣ እግሬ ላይ ወደቀች። የሁለት ወር ደሞዟን ለዕቃው ማካካሻ ይሆናል ብዬ ያዝኩና አሰናበትኳት።

የፋሲካ ዋዜማ ዕለት የእንግዳ ስኒ ላወጣ ቁምሳጥኑ ላይ ያለውን ካርቶን አወረድኩ። የሠርጌ ስጦታ ስለሆነ ለበዓል ካልሆነ አይከፈትም። ጥለቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከስኒዎቹ መሀል ቁጭ ብሏል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ይሄ የመርሳት በሽታ መጀመሩ ነው? እናቴ በእርጅናዋ ትረሳ ነበር። ሁለተኛ፣ በዚች ጠባብ ቤት ዕቃዬን እንዴት አድርጌ ባስቀምጥ ይሻለኛል?

ማስታወሻ፦ ልጅቷ አሁንም ሥራ እንዳላገኘች ሰምቻለሁ። ላናግራት ወይስ ነገሩ ተረስቷል ብዬ ልተወው?

የጨነቃት ልብስ ሰፊ»

መልሳችን

ውድ ጠያቂያችን፣ ለግልጽነትዎ እናመሰግናለን። ሁለቱን ጥያቄዎች በሰፊው ጽፈው ሦስተኛውን በማስታወሻ መልክ ከታች አስቀመጡት። እኛ ደግሞ ዋናው እሱ ነው ብለን እናምናለን። ቢሆንም በእርስዎ ቅደም ተከተል እንሂድና ወደሱ እንመለሳለን፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ ለሦስተኛው መንገድ ይጠርጋልና።

በሽታ ነው ወይስ ሌላ?

እርስዎ እንደጻፉት ከሆነ የሚያስደነግጥ ነገር አላየንበትም። መቀስ የት እንዳደረጉ መርሳት አንድ ነገር ነው፤ መቀስ ለምን እንደሚያገለግል መርሳት ሌላ ነው። ሰው በሚያውቀው ሰፈር መንገድ ሲጠፋበት፣ አንድን ጥያቄ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ሲጠይቅ፣ 20 ዓመት የሰፋውን ቀሚስ እንዴት እንደሚቆረጥ ሲያቅተው ያኔ ሐኪም ያስፈልጋል። ሌላም ምልክት አለ። አንዳንድ የመርሳት በሽታ የያዛቸው አረጋውያን ዕቃቸውን ራሳቸው ይደብቁና «ሰረቃችሁኝ» እያሉ ቤተሰቡን በተደጋጋሚ ይወነጅላሉ። እንዲህ ያለ እናት ወይም አባት ያላችሁ አንባብያን፣ ክፋት ነው ብላችሁ አትጣሉ፤ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።

የእንቅልፍ እጦት፣ ጭንቀትና ድባቴ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ አንዳንድ መድኃኒቶችም ጭምር ያስረሳሉ። እነዚህ ሊታከሙ ወይም ሊስተካከሉ የሚችሉ ናቸውና መርሳቱ እየባሰ ከሄደ መመርመር አይከፋም።

ታዲያ ጤነኛ ሰው ለምን ይረሳል? መቀሱን እናንሳ። በቀን ውስጥ ስንት ጊዜ ያነሱታል፣ ስንት ጊዜ ያስቀምጡታል? ሲያስቀምጡት ልብዎ ያለው መቀሱ ላይ አይደለም፤ እጅጌው ላይ ነው፣ ምድጃ ላይ ባለው ወጥ ነው፣ በሚጮኸው ስልክ ነው። አእምሮ ልብ ያላለውን ነገር ከመጀመሪያውም አልመዘገበውም። ያልተመዘገበ ደግሞ ቢፈልጉት አይገኝም። ቢመዘገብም ቅሉ የትናንቱ፣ የዛሬ ጧቱና የአሁኑ እርስ በርስ ይደባለቃሉ። «ጠረጴዛው ላይ ነው ያስቀመጥኩት» ብለው ይምላሉ፤ እውነትዎን ነው፣ ግን ያ ትናንት ነው።

«ደህና ቦታ» የሚባለው ወጥመድ

የጥለቱ ጉዳይ ግን ከመቀሱ ይለያል። ጥለቱን ልብ ብለው ነው ያስቀመጡት፣ እንዲያውም ከልብዎ ተጨንቀውበታል። ታዲያ እንዴት ጠፋ?

በ1986 እ.ኤ.አ. ዩጂን ዊኖግራድ እና ሮበርት ሶሎዌይ የተባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች በዚሁ ጉዳይ ላይ ጥናት አሳትመው ነበር። ሰው ዕቃን በተለመደ ቦታውና ባልተለመደ ልዩ ቦታ ሲያስቀምጥ የቱን የበለጠ ያስታውሳል ብለው ጠየቁ። ሁላችንም «ልዩ ቦታ አይረሳም» የምንል ይመስለናል። ውጤቱ ግን ተቃራኒው ሆኖ ተገኘ፤ ያልተለመደው ቦታ የባሰ ይረሳል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጥለት ሲታሰብ ክር ይታሰባል፣ ጨርቅ ይታሰባል፣ መሳቢያ ይታሰባል። ጥለት ሲታሰብ ስኒ ለማን ትዝ ይለዋል? ሌባ እንዳያስበው ብለን የመረጥነው ቦታ ለኛም የማይታሰብ ይሆናል። ከሌባ የሸሸግነውን ከራሳችንም ጭምር ሸሸግነው ማለት ነው።

እስቲ እያንዳንዳችን ቤታችንን እናስብ። የቤት ካርታ «ደህና ቦታ» ተደርጎ የጠፋበት፣ ፓስፖርቱ በጉዞ ዋዜማ የተሰወረበት፣ ወርቋን ሽሮ ውስጥ ቀብራ ሽሮውን ለጎረቤት ያበደረች... ስንቱ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ነው፤ እርስዎ ደግሞ የመሳቢያውን አድናለሁ ብለው ቆጥ ላይ ጣሉት።

ሌላም ነገር አለ። መብራት ጠፍቶ ነበር ብለዋል። በ1975 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ በጠላቂ ዋናተኞች ላይ በተደረገ የታወቀ ሙከራ፣ ውኃ ውስጥ ሆነው ያጠኑትን ቃል ውኃ ውስጥ ሲሆኑ፣ የብስ ላይ ያጠኑትን ደግሞ የብስ ላይ ሲሆኑ የበለጠ ማስታወሳቸው ታይቷል። የነበርንበት ሁኔታ ከትዝታው ጋር አብሮ ይታሰራል። እርስዎ በጨለማ ያስቀመጡትን በጠራራ ፀሐይ፣ በእልህና በእንባ ፈለጉት። ምናልባት ማታ መብራቱን አጥፍተው፣ እንደዚያን ዕለት ጥለቱን የያዙ መስለው ቆም ቢሉ እግርዎ ወደ ቁምሳጥኑ ይመራዎት ነበር። እርግጠኛ ሆነን ባንናገርም የሚሞከር ነው።

እንግዲህ ቤቱን እንዴት እናድርገው?

ጠባብ ቤት ውስጥ መሥራት ነውር አይደለም። ትልቅ ክፍል ይኑርዎት ብለን የማይሆን ምክር አንመክርዎትም። ባለው ቦታ የሚሆነውን እንንገርዎ።

1ኛ. ዕቃን በስሙ ሳይሆን በሚያነሱበት ጊዜ ይለዩ። በየሰዓቱ የሚነሳው፣ ማለትም መቀስ፣ ሜትር፣ ጠመኔ፣ መርፌ፣ በእጅዎ ርቀት ይሁን። በየሳምንቱ የሚነሳው፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ላስቲክ፣ ገበር፣ ቆመው የሚደርሱበት ይሁን። አልጋ ስርና ቁምሳጥን ላይ የሚሄደው በዓመት አንዴ የሚነሳው ብቻ ነው። የደንበኛ አደራ በምንም ዓይነት እዚያ አይሂድ።

2ኛ. መቀሱን አንድ ቦታ ይዳሩት። በአንድ ክር አስረው ጠረጴዛው ጎን ላይ በሚስማር ይስቀሉት። አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ መሣሪያቸውን ሁሉ ግድግዳ ላይ ሰቅለው የእያንዳንዱን ቅርጽ ዙሪያውን በጠመኔ ሥለውት ነበር። ማታ ሲዘጉ ባዶ ቅርጽ ካዩ «ማነው ያልገባው?» ይላሉ፤ ከብት እንደሚቆጥር እረኛ።

3ኛ. የማይታይ ዕቃ የሌለ ዕቃ ነው። ያቺ የቅቤ ብስኩት ክብ ቆርቆሮ የሌለችበት ልብስ ሰፊ ቤት የት አለ? ልጅ ብስኩት ብሎ ከፍቶ መርፌ አግኝቶ ያላዘነስ ማን ነው? ችግሩ ስድስት ቆርቆሮ ሲኖር ስድስቱም አንድ ዓይነት መምሰላቸው ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለውን ውጪው ላይ ያሳዩ። የቁልፍ ቆርቆሮ ክዳን ላይ አንድ ቁልፍ፣ የዚፕ ጣሳ ላይ አንድ የተቆረጠ ዚፕ ይለጥፉ። በማዳበሪያው አፍ ላይ ውስጡ ካለው ጨርቅ ቅዳጅ ይስፉበት። የማርና የለውዝ ቅቤ ብርጭቆዎችን አይጣሉ፤ ክዳናቸው ይገጥማል፣ ውስጣቸውም ይታያል። ምናለሽ ተራ ብቅ ቢሉ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ያገለገለ ዕቃ በርካሽ ያገኛሉ።

4ኛ. ለአንድ ደንበኛ አንድ ፌስታል። ጨርቁም፣ ክሩም፣ ቁልፉም፣ ልኩ የተጻፈበት ወረቀትም፣ አደራ የተባለውም እዚያው አብሮ ይግባ። ላዩ ላይ ስምና የሚደርስበት ቀን ይጻፍ። ውድ ነው ብለው ከጓደኞቹ አይለዩት። ዕቃ የሚጠፋው ከጓደኞቹ ሲለይ ነው። ስርቆት ካሰጋዎት አንድ የሚቆለፍ ሣጥን ይግዙና አደራ የተባለ ሁሉ ሁልጊዜ እዚያው ይግባ። አንድ ቦታ፣ ሁልጊዜ ያው ቦታ።

5ኛ. ደብተር ይያዙ። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይላል ያገራችን ሰው። ቤቱን በቁጥር ይክፈሉት፦ መሳቢያው 1፣ ከጠረጴዛው ሥር 2፣ ቁምሳጥን ውስጥ 3፣ ቁምሳጥን ላይ 4፣ አልጋ ስር 5፣ በረንዳ 6። ከዚያ አጠር አድርገው ይጻፉ፦ «የካቲት 12፣ የሙሽራዋ እናት ጥለት፣ ከ1 ወደ 4፣ ስኒ ካርቶን»። ይቺ አንዲት መስመር ብትኖር ኖሮ ይሄ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ደብተሩም የራሱ ሚስማር ይኑረው፤ አለዚያ ደግሞ ደብተሩን ፍለጋ ሊሆን ነው።

6ኛ. ሲያስቀምጡ ይናገሩ። «ጥለቱን ስኒ ካርቶን ውስጥ አስገባሁ» ብለው ድምፅ አውጥተው ይበሉ። ልጆቹ ይስቁብዎት። አፍ ሲናገር ልብ ይሰበሰባል፣ የሰማ ልጅም ካለ ምስክር ይሆናል። ስልክዎ ካሜራ ካለው ካርቶኑን ከመዝጋትዎ በፊት ፎቶ ያንሱት። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ካዛወሩ ደግሞ በቀድሞው ቦታ «ወደ 4 ሄዷል» የሚል ብጣሽ ወረቀት ይተዉ።

7ኛ. ማታ አሥር ደቂቃ። መኪናዋን ከመሸፈንዎ በፊት የወጣውን ሁሉ ወደ ቤቱ ይመልሱ። በተለይ መርፌ! ልጅ ባለበት ቤት የጠፋ መርፌ ቀልድ አይደለም። ስንት መርፌ አወጣሁ፣ ስንት መለስኩ ብሎ መቁጠር ያስፈልጋል። ወለል ላይ የወደቀውን ደግሞ ከተበላሸ የድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ይለቅምልዎታል።

ዕቃ ሲጠፋስ?

መጀመሪያ ይቀመጡ። የተናደደ ሰው አንድን መሳቢያ አሥር ጊዜ ይከፍታል፤ ዘጠነኛውን አልፎ ሌላ ቦታ አያይም። ትንፋሽዎ ሲመለስ ለመጨረሻ ጊዜ እጅዎ ላይ የነበረበትን ሰዓት ያስቡ። ቀን ነበር ማታ? ማን ነበር? ምን እየሠሩ ነበር? ከዚያ በኋላ ከአንድ ጥግ ጀምረው በቅደም ተከተል ይፈልጉ፤ የታየው ቦታ ላይ ምልክት ያድርጉ። የዕቃውን ስም እየጠሩ ይፈልጉ። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የጌሪ ሉፒያን እና የዳንኤል ስዊንግሊ ጥናት እንዳሳየው መልኩን በደንብ የምናውቀውን ዕቃ ስሙን ድምፅ አውጥተን እየጠራን ስንፈልገው ፈጥነን የማግኘት ዕድል አለን። «መቀስ፣ መቀስ፣ መቀስ» የሚሉት አሮጊቶች እብድ አይደሉም ማለት ነው።

ሌላው ትልቅ ዘዴ ይሄ ነው። ዕቃውን ሲያገኙት የት እንደተገኘ እያዩ አይደነቁ። መጀመሪያ የት ነበር የፈለጉት? እዚያ ያስቀምጡት። እጅዎ ሳያስብ የሄደበት ቦታ የዕቃው እውነተኛ ቤት እሱ ነው።

የመጨረሻው ደንብ ከሁሉ ይበልጣል። «ጠፋ» እና «ተሰረቀ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አይቀላቅሉ። «ጠፋ» ስለ ዕቃው የሚነገር ነው፤ «ተሰረቀ» ግን ስለ ሰው የሚነገር ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ለመሻገር ማስረጃ ያስፈልጋል።

ስለ ልጅቷ

ዱሮ ባገራችን ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ዕቃ ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት ይሰጠዋል፣ ልጁ እየተንገዳገደ በየመንደሩ ይነዳል፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ያ ልማድ ከቀረ ዘመን ሆኖታል። በየቤታችን ግን ዛሬም አለ። ዕቃ ሲጠፋ ጥርጣሬያችን እየተንገዳገደ ይዞራል፤ ባልን ያልፋል፣ ልጅን ያልፋል፣ እንግዳን ያልፋል፣ ሄዶ ሄዶ የሚወድቀው በሠራተኛዋ ሻንጣ ላይ ነው። ለምን? አቅም ስለሌላት ነው። ሻንጣው የሚበረበር ሰው ከቤቱ ሁሉ እሷ ብቻ ስለሆነች ነው።

አንድ ነገር ያስተውሉ። ልጅቷ ላይ ያቀረቡት ማስረጃ «ሲያምር! ለእናቴ ባገኝላት» ያለችው ቃል ነው። ደንበኛዎ ጥለቱን ያመጣችው እናቷን አስታውሳ ነው። ልጅቷም ያየችው ጊዜ እናቷን ነው ያስታወሰችው። የአንዷ ትዝታ አደራ ሆነ፣ የሌላዋ ወንጀል ሆነ። እንዲህ ስንጽፍ ልንወቅስዎ ፈልገን አይደለም፤ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ ያሉት ቃል ራሱ እንደገባዎት ይናገራል። ነገር ግን የገባው ሰው ዝም ካለ የተሸከመችው እሷ ነች። «ሥራ እንዳላገኘች ሰምቻለሁ» ብለዋል። ለምን ያላገኘች ይመስልዎታል? ደላላውም ጎረቤቱም «ዕቃ ወስዳ ነው የወጣችው» ሲባል ሰምቷላ! ጥለቱ በፋሲካ ተገኘ፤ የልጅቷ ስም ግን እስካሁን እንደጠፋ ነው።

«ተረስቷል ብዬ ልተወው?» ላሉት፣ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ነው መልሳችን። ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ።

ራስዎ ይሂዱ። ሰው አይላኩ፣ በስልክም አይጨርሱት። ያመጣት ደላላ ወይም ዘመዷ ያለችበትን ያሳይዎታል። የያዙባትን የሁለት ወር ደሞዝ ሙሉውን ይውሰዱላት፤ ያለ ሥራ ለቆየችበት ጊዜም ከአቅምዎ ይጨምሩ። ብሩን ሲሰጡ እንደ ምጽዋት እንዳይሆን፤ የራሷ ነው፣ ዕዳዎን ነው የሚከፍሉት።

ይቅርታውን በቀጥታ ይናገሩ። «ተሳስቼ ነው፣ ዕቃውን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ አንቺ ንጹሕ ነሽ» ማለት ይበቃል። «ጭንቅላቴ ተረብሾ»፣ «አንቺም ያኔ እንዲህ ብለሽ» የሚል ሰበብ አይቀጥሉበት። ተመልሳ እርስዎ ቤት እንድትሠራ መጠየቅ ይችላሉ፤ ግን ያንን የይቅርታው ዋጋ አያድርጉት። እምቢ ብትል መብቷ ነው። ብታለቅስም፣ ብትቆጣም ቁጭ ብለው ይስሙ።

ከዚያ ደግሞ ውንጀላው በሄደበት መንገድ ሁሉ እውነቱ ይሂድ። ሻንጣዋ የተበረበረው ጎረቤት ፊት ነው፤ ስለዚህ እነዚያኑ ጎረቤቶች ቡና ጠርተው፣ ከተቻለ እሷ ባለችበት፣ ጥለቱን አውጥተው ያሳዩአቸው። ለደላላውም ይንገሩ። አዲስ ቀጣሪ ስለሷ ቢጠይቅ ስልክዎን ይስጡና «አንድ ዓመት ከአራት ወር ሠርታልኛለች፣ እጇ ንጹሕ ነው» ይበሉ። ልጆችዎም ይስሙ፤ እናታቸው ስትወነጅል ያዩ ልጆች እናታቸው ስትክስም ማየት አለባቸው።

ደንበኛዎንም አይርሱ። ጥለቱን ይዘው ይሂዱና እውነቱን ይንገሯት። ከፈቀደች ያንኑ ቀሚስ ፈትተው ያለ ዋጋ የእናቷን ጥለት ደረቱ ላይ ይስፉላት። ሠርጉ ቢያልፍም ቀሚሱ አለ፤ ነገ ልጅቷ ስትወልድ ለክርስትናው ትለብሰው ይሆናል።

ይሄ ሁሉ ከባድ ነው። ስኒ ካርቶን እንደማውረድ አይቀልም። ግን ሳምንት ሲያልፍ፣ ወር ሲያልፍ እየከበደ ነው የሚሄደው። ይህ ጋዜጣ እጅዎ ሲገባ ደብተሩንና ቆርቆሮውን ለነገ ያቆዩትና መጀመሪያ ወደ ልጅቷ ይሂዱ።

እናንተም አንባብያን፣ «የት አባቱ ገባ?» ብላችሁ ወደ ሠራተኛችሁ ስትዞሩ ቁምሳጥናችሁን ቀና ብላችሁ እዩ። ላዩ ላይ ያለውን ካርቶን ከፈታችኋል?

እስከ ሳምንት ቸር እንሰንብት።